ኢሺ፦ ጅማት እስኪደርቅ የሚጠብቀው ቀስተኛ

ጅማት ሲባል የዚህ ገጽ አንባቢ ወዲያው ትዝ የሚለው የጉልበት ጅማት ነው። አጥቂው ሜዳ ላይ ይወድቃል፣ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይይዛል፣ ወጌሻው ሮጦ ይገባና ወደ አግዳሚው እያየ እጁን ያወዛውዛል። ከዚያ በኋላ ለስድስትና ለስምንት ወር የልጁን ስም አንሰማም። ዛሬ የምናወራው ግን ስለ አጋዘን ጅማት ነው። ይህን ጅማት ከእንጨት ጋር አጋብቶ ቀስት ስለሠራና ሳያስበው ለአንድ ስፖርት ሁለተኛ ሕይወት ስለሰጠ ሰው። መድፈኞቹንና ቀያዮቹን ለነገ እናቆያቸውና ዛሬ ተራውን ለቀስተኛው እንስጠው።

ሰውየው ኢሺ ይባላል። እሱም ቢሆን እውነተኛ ስሙ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኢሺ የተወለደው በ1860ዎቹ መጀመሪያ ገደማ በአሜሪካ፣ በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ ከላሰን ተራራ በታች ዲር ክሪክና ሚል ክሪክ የሚባሉ ወንዞች በሚፈሱበት ገደላማ አገር ነው። ወገኖቹ ያሂ ይባላሉ፤ ያና ከሚባለው ሕዝብ አንዱ ክፍል ናቸው። ሲጀመርም ብዙ አልነበሩም። በ1848 ካሊፎርኒያ ውስጥ ወርቅ ተገኘ ተባለና ዓለም ሁሉ ወደዚያ ጎረፈ። ወርቅ ፈላጊው መሬቱን ያዘ፣ ከብት አርቢው ግጦሹን ያዘ፣ አጋዘኑ ሸሸ፣ ወንዙ ደፈረሰ። የተራበ ያሂ ከብት ሰርቆ ሲያርድ ሰፋሪዎቹ ተደራጅተው ይወጡና ያገኙትን ሁሉ ይገድላሉ። ሴት፣ ሕፃን አይለዩም። በ1860ዎቹ አጋማሽ ሌሊቱን ከበው አድረው ጎህ ሲቀድ አንድ ሰፈር ሙሉ ጨርሰዋል። በ1870ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ደግሞ ኪንግስሊ የሚባል ዋሻ ውስጥ የተጠለሉ 30 ያህል ሰዎች ተገድለዋል። ያን ጊዜ ኢሺ ገና ልጅ ነበር።

የተረፉት ጥቂት ሰዎች ጫካ ገቡ። ጠፉ ማለት ይቀላል። አርባ ዓመት ገደማ ተደብቀው ኖሩ። ዱካ እንዳይታይ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለሉ፣ ወንዝ ውስጥ እየተራመዱ፣ ጭሱ እንዳይታይ እሳቱን አሳንሰው እያነደዱ። እዚህ ላይ ነው ቀስት ቁም ነገር የሚሆነው። ጠመንጃ ቢያገኙ እንኳ አንድ ጥይት ሸለቆውን ሁሉ ያስተጋባል፤ ጠላት ይጠራል። ቀስት ግን አይጮህም። ለተደበቀ ሰው ከቀስት የተሻለ መሣሪያ የለም።

ታዲያ ኢሺ ቀስቱን እንዴት ይሠራው ነበር?

እንጨቱ ጥድ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ የምናውቀው የሐበሻ ጥድ የቅርብ ዘመድ፣ የካሊፎርኒያ ተራራ ጥድ። ከቅርንጫፉ ይሰነጥቅና ነጩ የላይኛው እንጨት በቀስቱ ጀርባ በኩል እንዲውል አድርጎ ይጠርበዋል። ጀርባ የሚባለው ቀስቱ ሲሳብ ወደ ዒላማው የሚዞረው ፊት ነው። ከዚያ በባልጩትና በአሸዋ ድንጋይ ይፍቀዋል። ጫፎቹን በጋለ ድንጋይ አሙቆ ጉልበቱ ላይ እያስደገፈ ወደ ኋላ ይቆለምማቸዋል። ቀስቱ አጭር ነው፤ ልኩ ወደ ጎን ከተዘረጋ እጅ እስከ ሌላኛው ወገን ዳሌ ያለው ርቀት ሲሆን አንድ ሜትር ከምናምን ይሆናል። የእንግሊዞቹ ረጅም ቀስት ሰው የሚያክል ነው። የኢሺ ቀስት ደረቱ ድረስ ቢደርስ ነው።

ችግሩ እዚህ አለ። አጭር እንጨት ብዙ ከሳቡት ይሰበራል። የሚሰበረውም በጀርባው በኩል ነው፤ ምክንያቱም ቀስት ሲታጠፍ ሆዱ ይጨመቃል፣ ጀርባው ደግሞ ይለጠጣል፣ እንጨት መለጠጥን እስከ ተወሰነ ድረስ ብቻ ነው የሚችለው። ጅማት ግን ይችላል። የተፈጠረውም ለዚሁ ነው፤ የአጋዘኑን እግር በየዝላዩ እየሳበ የሚመልስ ገመድ አይደል? ስለዚህ ጅማቱን ከእግሩ አውጥቶ ከእንጨቱ ጀርባ ላይ የለጠፈ ሰው አጭርና ጠንካራ ቀስት ያገኛል።

ነገሩ ሲወራ ይቀላል። ኢሺ የተጠረበውን እንጨት ቅርጹን እንዲይዝ ሌላ እንጨት ላይ አስሮ ጨለማና ደረቅ የዋሻ ጥግ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ፀሐይ ላይ አያሰጣውም፤ እሳት ዳር አያኖረውም። እንጨቱ በራሱ ጊዜ እርጥበቱን ሲለቅ ብቻ ወደ ጅማቱ ይሄዳል። ከአጋዘን የኋላ እግር የወጣውን ረጅም ጅማት በአፉ ያኝከዋል፤ እየለሰለሰ፣ ክር እየሆነ ይለያያል። የሳልመን ዓሣ ቆዳ ቀቅሎ ሙጫ ያወጣል። የቀስቱን ጀርባ ሻካራ አድርጎ ሙጫውን ይቀባዋል፣ ያደርቀዋል። ከዚያ ክሮቹን ጫፍ በጫፍ እያደራረበ ጀርባውን በሙሉ በወፍራሙ ያለብሰዋል። ጫፎቹ ላይ ሲደርስ እንጨቱን ዙሪያውን ይጠመጥመዋል። በመጨረሻም ሁሉንም በቀጫጭን የአኻያ ልጥ ጥብቅ አድርጎ ያስረውና ይተወዋል።

ይተወዋል። ከባዱ ሥራ ይሄ ነው።

የጠፍር አልጋ ያየ ሰው ቀጥሎ የሚሆነውን ለመረዳት አይቸገርም። እርጥቡ ጠፍር ሲወጠር ልል ይመስላል፤ ሲደርቅ ግን ይኮማተርና አልጋው እንደ ከበሮ ይጮኻል። ጅማቱም እንደዚያው ነው። ውሃው ሲወጣ ያጥራል፣ ሲያጥር የቀስቱን ሁለት ክንድ ወደ ኋላ ይጎትታል። ቀስቱ ገና አውታር ሳይገባለት በራሱ ተወጥሮ ይቀመጣል ማለት ነው። ቀስተኛው ሲስበው የሚያገኘው ተጨማሪ ጉልበት የሚመጣው ከዚህ ነው።

አሁን ተቸኩሎ እሳት ዳር ቢቀመጥስ? ላይ ላዩ ይደርቅና ቅርፊት ይሆናል፣ ውስጡ ግን እርጥብ ነው። ውጪው ሲያጥር ውስጡ አልተከተለውም፤ ጠርዙ ይነሣል፣ ይሰነጠቃል፣ ከእንጨቱ ይላቀቃል። ሙቀቱ ከበረታማ እርጥቡ ጅማት ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትንሽ ከፍ ሲል ድስት ውስጥ እንደገባ ሥጋ ይኮማተርና ጥንካሬውን ያጣል፤ ከዚያ ወዲያ ምንም አይመልሰውም። በተቃራኒው ደግሞ እርጥበት ቦታ ላይ ከተተወ ይሸታል፣ ይበሰብሳል። ስለዚህ ቀዝቀዝ ያለ፣ ደረቅ፣ ነፋስ ቀስ ብሎ የሚያልፍበት ቦታ ያስፈልጋል። የአኻያው ልጥ ጅማቱን እንጨቱ ላይ ተጭኖ ይይዘዋል፤ ቀጭን በመሆኑም በየመሐሉ ትንፋሽ ይተውለታል።

ኢሺ ልጡን የሚፈታው ከብዙ ቀን በኋላ ነው። የደረቀውን ጠርዝ ያስተካክላል፣ እንደገና ሙጫ ይቀባል፣ በአሸዋ ድንጋይ እስኪያበራ ያሸዋል። መያዣውን በጠባብ የአጋዘን ሌጦ ይጠመጥመዋል። በዘመናችን ይህን ዓይነት ቀስት በእጃቸው የሚሠሩ ሰዎች ለሳምንታት፣ ብዙዎቹም ለወራት ይጠብቃሉ። አንዳንዱ ቀስቱን ሚዛን ላይ እያስቀመጠ ይመዝነዋል፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ውሃው አልቋል ማለት ነው። ቶሎ አውታር ያስገባበት ሰው ጉዳቱ ሳይድን ሜዳ ከገባ ተጫዋች ጋር አንድ ነው። ጨዋታውን የጀመረ ይመስላል፤ ግን 20ኛው ደቂቃ ላይ ያው ወጌሻው ነው።

ወደ ሰውየው እንመለስ። በ1908 መጨረሻ ላይ ዲር ክሪክ አካባቢ ለኃይል ማመንጫ ቅየሳ የወጡ ሰዎች ሳያስቡት የያሂዎቹ መደበቂያ ላይ ደረሱ። ያን ጊዜ የቀሩት አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ኢሺ፣ እናቱ፣ እህቱ ወይም የአጎቱ ልጅ የምትሆን ሴትና አንድ ሽማግሌ። ሁለቱ ሮጠው አመለጡ፤ ከዚያ በኋላ ያያቸው የለም። ኢሺም ተሸሸገ። መንቀሳቀስ የማትችለው አሮጊት ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ተኝታ ተገኘች። ሰዎቹ እሷን አልነኳትም፤ ዕቃውን ግን ለማስታወሻ ብለው ይዘውት ሄዱ። ቅርጫቱን፣ የፀጉር ልብሱን፣ የአደን መሣሪያውን። እስቲ አስቡት። ከላይ የዘረዘርነው ቀስት አጋዘን ከሌለ አይሠራም፤ አጋዘኑ ደግሞ ያለ ቀስት አይገኝም። ለእነዚያ ሰዎች መታሰቢያ ነው፣ ለኢሺ የወራት ሥራና የክረምት ስንቅ ነው። እናቱ ብዙ አልቆየችም። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ገደማ ብቻውን ኖረ።

ነሐሴ 29 ቀን 1911 ኦሮቪል በምትባል ከተማ አጠገብ አንድ ቄራ በር ላይ ተገኘ። ቀስት አልያዘም። የለበሰው አንድ ቁራጭ ሸራ ነው። ፀጉሩን ለሐዘን በእሳት ለብልቦ አሳጥሮታል። ዕድሜው ወደ 50 ይጠጋል። የአካባቢው ሸሪፍ ሌላ ማረፊያ ስላልነበረው እስር ቤት አስገባው። የሚናገረውን ቋንቋ የሚሰማ አልተገኘም። ወሬው በጋዜጣ ሲወጣ ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቶማስ ዋተርማን የተባለ ተመራማሪ የያና ቃላት ዝርዝር ይዞ መጣ። ቃላቱን አንድ በአንድ ያነባል፣ ኢሺ ዝም ይላል። በመጨረሻ አልጋው የተሠራበትን ጥድ መሰል እንጨት መታ መታ አድርጎ ሲዊኒ አለው። የኢሺ ፊት በራ። ለዓመታት ሌላ ሰው ሲናገረው ያልሰማው የገዛ ቋንቋው ነበር።

ዋተርማን ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ወሰደው። አልፍሬድ ክሮበር የሚመራው የዩኒቨርሲቲው ሙዚየም ውስጥ ክፍል ተሰጠው፤ በወር 25 ዶላር ደመወዝ እየተከፈለው በረዳትነት ሠራ። ጋዜጠኞች ስሙን ካላወቅን እያሉ አስቸገሩ። በያሂዎች ባህል ደግሞ ሰው ስሙን ራሱ አይናገርም፤ ሌላ ሰው ነው የሚያስተዋውቀው። የሚያስተዋውቀው ሰው አልቀረም። ክሮበር ኢሺ አለው፤ በቋንቋው ሰው ማለት ነው። እሁድ እሁድ ሕዝብ ሙዚየሙን ሞልቶ ኢሺ ባልጩት ሲጠርብ፣ ቀስት ሲሠራ ያያል። ስለ እሱ የሚጽፉ ሰዎች ይህን እንደ ደግነት ሲያወሩት እሰማለሁ። እኔ ግን ወገኑን ያጠፋው ሕዝብ መልሶ እሱን ሊመለከት ሲሰለፍ ሳስበው ይከብደኛል። እሱ በበኩሉ ረጋ ያለ፣ ሳቂታና ሥራ ወዳድ እንደነበር ያወቁት ሁሉ መስክረዋል።

ከሙዚየሙ ጎን የሕክምና ትምህርት ቤቱ ነበር። በ1912 እዚያ ሊያስተምር የመጣ ሳክስተን ፖፕ የሚባል ቀዶ ሐኪም ኢሺን ማከም ጀመረ። ሐኪሙ በጨዋታ የሚያብድ፣ እጁ ሥራ የማይፈታ ሰው ነው። ኢሺ ሲሠራ አየና ተማሪው ሆነ። ኢሺም ኩዊ ይለው ነበር፤ መድኃኒተኛ እንደ ማለት ነው። ሁለቱ ቀስት ሠሩ፣ አደን ወጡ፣ ዒላማ ተኮሱ። ስለ ጅማቱ፣ ስለ ሙጫው፣ ስለ አኻያው ልጥ በዝርዝር የምናውቀው ሐኪሙ ሁሉን እያየ ስለ ጻፈው ነው። ኢሺ ጫካ እያለ ቀስቱን ከእርጥበት የሚጠብቀው ከተራራ አንበሳ ጭራ ቆዳ በተሠራ ማኅደር ብቻ ነበር፤ ጭጋግ በማይለያት ሳን ፍራንሲስኮ ግን ሼላክ የሚባለውን ቫርኒሽ መቀባት ጀመረ። ደርቆ ያለቀ ጅማት እንኳ እርጥብ አየር ካገኘ ውሃ መልሶ ይጠጣል፣ ቀስቱም ይዝላል። ሥራ ላይ ያልሆነ ቀስት ደግሞ መተኛት አለበት ይል ነበር። ከቆመ እየሠራ ነው፣ ያልበዋል፣ ይደክማል።

ስፖርት ገጽ ነውና ውጤት እንናገር። ፖፕ የአሜሪካ ዙር በሚባለው ውድድር ሕግ መዝግቦታል። 30 ፍላጻ ከ60 ያርድ፣ 30 ከ50 ያርድ፣ 30 ከ40 ያርድ፤ በጠቅላላው 90። ኢሺ በጣም በቀናው ጊዜ ከ60 ያርድ 10፣ ከ50 ያርድ 20፣ ከ40 ያርድ 19 አገባ። ድምር 49 ዒላማ፣ 223 ነጥብ። ተማሪው ፖፕ በራሱ ምርጥ ልምምድ 88 ዒላማ፣ 538 ነጥብ አስቆጥሯል። ተማሪው መምህሩን ከእጥፍ በላይ በለጠው ማለት ነው።

ግን ቁጥር ብቻ አይቶ የሚፈርድ ኳስ አያውቅም። 60 ያርድ 55 ሜትር ያህል ነው፤ ከመሐል ሜዳ ግብ መምታት በሉት። ኢሺ በሕይወቱ ከዚያ ርቀት የሚተኩስበት ምክንያት አልነበረውም። የሱ ሜዳ ከ10 እስከ 20 ያርድ ነው። በእኛ ቋንቋ 16 ከ50 ውስጥና ደጃፉ ላይ። ፊሊፖ ኢንዛጊን ከመሐል ሜዳ ምታ ብሎ መፈተን ምን ትርጉም አለው? ኢሺ የሳጥን ውስጥ አጥቂ ነው። ቁጢጥ ብሎ ይጠብቃል፤ ጣቶቹን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ጥንቸል ስትጨነቅ የምታሰማውን ድምፅ ያወጣል፣ አውሬው ራሱ ወደ እሱ ይመጣል። አውታሩን የሚስበው በአውራ ጣቱ ነው። ለአደን ሲዘጋጅ ካምፕ እንደገባ ቡድን ነው፤ ከዋዜማው ጀምሮ ዓሣ አይበላም፣ ትንባሆ አያጨስም፣ ጠዋት ገላውን ታጥቦ ሽታውን አጥፍቶ በባዶ ሆዱ ይወጣል። ቀስቱም ለዚያ ርቀት የተሠራ ነው፤ የጉልበቱ ልክ 20 ኪሎ ገደማ፣ ቁጥቋጦ መሐል የማያደናቅፍ፣ አጭር።

በ1914 የጸደይ ወራት ክሮበር፣ ዋተርማንና ፖፕ ኢሺን ይዘው ወደ ዲር ክሪክ ተመለሱ። መሄዱን አልወደደውም ነበር፤ የሙታን አገር ነበረችና። እዚያ ግን የድሮ ሰፈሮቹን አሳያቸው፣ አብሯቸው ዋኘ፣ አደነ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልኖረም። የሳንባ ነቀርሳ ያዘው። በ1915 ክረምት እየደከመ እያለ ኤድዋርድ ሳፒር ከተባለ የቋንቋ ሊቅ ጋር ቋንቋውን ሲያስመዘግብ ከረመ። መጋቢት 25 ቀን 1916 ፖፕ አጠገቡ እያለ ሞተ።

ያሂዎች አስከሬን ሳይነካ በአጋጣሚ አይደለም የሚያቃጥሉት፤ ሥርዓታቸው ነው። ኒው ዮርክ የነበረው ክሮበር ይህን ያውቅ ስለነበር ሬሳው እንዳይከፈት አጥብቆ ጻፈ። ደብዳቤው በጊዜው አልደረሰም። ሬሳው ተከፍቶ ተመረመረ፤ ፖፕ ራሱ እዚያ ነበረበት። አንጎሉን አወጡት። የቀረው አካል ተቃጥሎ አመዱ ኮልማ በሚገኝ መካነ መቃብር ተቀመጠ። አብሮት አንድ ቀስቱ፣ አምስት ፍላጻ፣ የበሉጥ ዱቄት የያዘ ቅርጫት፣ የዛጎል ገንዘቡና ትንባሆው ገባ። በቀጣዩ ዓመት አንጎሉን ዋሽንግተን ወዳለው ስሚዝሶኒያን ተቋም የላከው ደግሞ ያው ሬሳው እንዳይነካ የጻፈው ክሮበር ነው። ለምን እንዲህ እንዳደረገ ብዙ ተጽፏል፤ የሚያሳምነኝ ግን አላገኘሁም።

ቀስቱ ግን ሥራውን ቀጠለ። ፖፕ ከጓደኛው አርተር ያንግ ጋር በ1920 ለካሊፎርኒያ የሳይንስ አካዳሚ የሎውስቶን ውስጥ ግሪዝሊ ድቦችን በቀስት አደነ። በ1923 በቀስትና በፍላጻ ስለ ማደን መጽሐፍ አወጣ፤ መጀመሪያው ላይ የኢሺ ታሪክ አለ። መጽሐፉ በአሜሪካ የቀስት አደንን ከሞት አስነሣው። ፖፕ በ1926 ሞተ፤ በ1961 የተቋቋመው የቀስት አዳኞች ክለብ የተሰየመው በእሱና በያንግ ስም ነው። ኢሺ የሚለው ስም የለበትም። በዚያው ዓመት የክሮበር ባለቤት ቴዎዶራ የኢሺን ሕይወት የሚተርክ መጽሐፍ አሳትማ ስሙን ዓለም አወቀው።

አንጎሉ የት እንዳለ በ1999 እስኪረጋገጥ ድረስ ስሚዝሶኒያን መጋዘን ውስጥ 80 ዓመት ያህል ቆየ። በ2000 ለሬዲንግ ራንቸሪያና ለፒት ሪቨር ሕዝቦች ተሰጠ፤ የያና ዘር ያላቸው እነሱ ናቸውና። ከኮልማ አመዱን አውጥተው፣ ሁለቱን አንድ ላይ አድርገው ወደ አገሩ ወሰዱት። በ2021 መጀመሪያ በርክሌይ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ የክሮበርን ስም ከሕንፃው ላይ አወረደ። ኢሺ ሙዚየሙ ውስጥ ሆኖ የሠራቸው ዕቃዎች እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተቀምጠዋል። እሱ ራሱ የተቀበረበትን ቦታ ግን ወገኖቹ ለማንም አልተናገሩም።